ሰባቱ ጎሎች የት ገቡ?

መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሲያርፍ እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከወጣሁ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላኝ ጀማሪ ነበርኩ። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ጋዜጣ «ስለ ሰውየው አንድ ገጽ አምጣ፤ ለነገ ጠዋት» አለኝ። አመጣሁ። ጽሑፌ በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ባገባት አራተኛ ጎል ይጀምራል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ሲሰጡ ያሳያል፤ ዞሮ ዞሮ በዚያችው አራተኛ ጎል ያልቃል። በመሐሉ «የማይረሳ»፣ «ብርቅዬ»፣ «የአገር ባለውለታ» የሚሉ ቃላት እንደ ሚጥሚጣ ተነስንሰዋል። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ አምስት ቅጂ ገዝቼ አንዱን ጎንደር ላለው አጎቴ ላክሁለት።

ለጥምቀት ጎንደር በሄድኩበት በቅርቡ አንድ ጥር ያንን ገጽ መልሼ አገኘሁት። አራዳ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ፣ ጠርዙን ጢስ በልቶት፣ ስሜ ግን ከታች ይነበባል። የቤቱ ጌታ የአጎቴ የቆዩ ወዳጅ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ይቺን አራተኛዋን ጎል ብንቀንሳት ዋንጫው ይቀርብን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አስቤበት አላውቅማ!

እስቲ አንባቢም ከእኛ ጋር ይቁጠር። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። ቦታው አዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም። ባለጋራችን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ። ባዳዊ የተባለው አጥቂያቸው በ35ኛው ደቂቃ ያገባል። እኛ እስከ 74ኛው ደቂቃ ለፍተን አቻ እንሆናለን፤ ደስታው ሳይበርድ፣ በ75ኛው፣ ያው ባዳዊ ይደግማል። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን አግብቶ ከሽንፈት ያወጣናል። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን ያገባል። በ118ኛው፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ መንግሥቱ አራተኛዋን ይጨምራል። 4 ለ2። እሷን ብናነሳት 3 ለ2 ነው፤ ዋንጫው እዚሁ ይቀራል።

አሁን ደግሞ በሳምንቱ ወደኋላ፣ ጥር 6 ቀን ወደተደረገው ግማሽ ፍጻሜ እንመለስ። ቱኒዚያ 2 ለ0 መርታ ነበር። ጨዋታው በኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸናፊነት አለቀ፤ ከአራቱ ሁለቱ የመንግሥቱ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ብናነሳ ቁጥሩ 2 ለ2 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን የሚያውቅ የለም። ፍጻሜም፣ ንጉሠ ነገሥትም፣ ዋንጫም፣ የእኔም ገጽ ላይኖሩ ይችሉ ነበር።

«እነዚያ ሁለቱ ስፌቱ ናቸው» አሉኝ ሽማግሌው። «ይቺ ጥልፏ ናት። አንተ ጥልፉን አይተህ ቀሚሱን ተውኸው።»

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም፤ አፍሬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ ቡድናችን ማጣሪያ በገጠመ ቁጥር፣ ጥር በባተ ቁጥር፣ ስለ መንግሥቱ የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ነው። ጎንደር ተወለደ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፤ አራተኛዋን አገባ፤ ዛሬስ ኳሳችን ወዴት አለ? ጸሐፊው ይለያያል እንጂ ጽሑፉ አይለያይም። ይህ ደግሞ የስፖርት ገጾች ጥፋት ብቻ መስሎ እንዳይታይ። ስለ ደራሲዎቻችን፣ ስለ ዘፋኞቻችን የምንጽፈውም በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዜማ፣ አንድ ምሽት እንመርጥና የቀረውን ዕድሜ እንደ ገለባ እናነፍሰዋለን። የስፖርተኛው ግን ይብሳል፤ ደራሲው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቆይለታል፤ ኳስ ተጫዋች ከተጻፈለት በቀር ምን አለው?

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስቡት። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ዘንዶ። ሠዓሊው ከሰማዕቱ ሕይወት ጦሩ ዘንዶውን የወጋበትን አንዲት ቅጽበት መርጧል፤ ለግድግዳ ይህ ይበቃል። ገድሉን የሚያነበው ካህን ግን ሌላ ነገር ያውቃል። በገድሉ ውስጥ ሰባት ዓመት መከራ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሞቶ መነሳት አለ። የእኛ የስፖርት ጸሐፊ ሥዕሉን ገልብጦ ገድሉን ተወው፤ ያውም የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ የለበሰ ሰው ታሪክ ሲጽፍ።

ሰባት ያልኩት በአጋጣሚ ነው፤ ግን ነገሬ ሰባት ላይ ነውና ልቀጥል። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ጎሎች 10 ናቸው። እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያውያን የደረሰበት የለም። ከአሥሩ ሦስቱ የ1954 ናቸው፤ በዚያ ውድድር ከግብፁ ባዳዊ ጋር እኩል ከፍተኛ ጎል አግቢ የሆነባቸው። አሥር ሲቀነስ ሦስት ሰባት ነው። እነዚያ ሰባቱስ የት ገቡ?

ሰባቱም የተገኙት ኢትዮጵያ ዋንጫ ባላገኘችባቸው ውድድሮች ነው። የሚቀጥለው የአፍሪካ ዋንጫ በኅዳር 1956 ጋና ላይ ተደረገ፤ ሻምፒዮናው ቡድናችን አራተኛ ሆኖ ተመለሰ። በ1958 ቱኒዚያ ላይ በሰፊ ውጤት ተሸንፎ ወጣ። በጥር 1960 አዘጋጇ ራሷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታዎቹ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ተደረጉ። ኡጋንዳን 2 ለ1፣ አይቮሪኮስትን 1 ለ0፣ አልጄሪያን 3 ለ1 አሸንፈን ከምድባችን በሙሉ ነጥብ ወጣን። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል! በግማሽ ፍጻሜው ከኮንጎ ኪንሻሳ ጋር ተጨማሪ ሰዓት ድረስ ሄደን 3 ለ2 ተሸነፍን፤ ኮንጎም ዋንጫውን ወሰደች። ይህ ቡድን፣ በእኔ ግምት፣ ከ1954ቱ የሚያንስ ቡድን አይደለም። ምናልባትም ይበልጣል፤ በ1954 ተወዳዳሪው አራት አገር ብቻ ነበር፤ በ1960 ስምንት። ስለ 1960 አንድ ሙሉ ገጽ በአማርኛ ያነበበ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው።

ከዚያ የካቲት 1962 መጣ፤ ሱዳን። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። ከአይቮሪኮስት ጋር 6 ለ1 ተሸነፍን፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎሬን ፖኩ ነው። ፖኩ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው 14 ጎሎች ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተዋል፤ ከነዚያ ውስጥ አምስቱ በአንድ ቀን ከእኛ መረብ የተለቀሙ ናቸው። የዘመን አቆጣጠራችን እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ቀልዶብናል። በፈረንጅ መጽሐፍ «1962» ማለት ኢትዮጵያ ዋንጫ ያነሳችበት ዓመት ነው፤ በእኛው ቁጥር «1962» ፖኩ አምስት ያገባብን ዓመት ነው። እኛ የምንጠቅሰው ሁልጊዜ የፈረንጁን ነው።

ሰባቱን ጎሎች በደቂቃና በግብ ጠባቂ ስም መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ለምን አልፈለግናቸውም የሚለው ነው። መልሱም አስቸጋሪ አይመስለኝም፤ ከዋንጫ ጋር ያልተያያዘ ጎል እንደ ጎል አንቆጥርም። ተጫዋቹን የምንለካው በሠራው ሳይሆን አገር በተሸለመችው ነው። በ1956 ጋና ላይ የተመታች ኳስ መረብ ስትነካ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ከተመታችው የቀለለች አልነበረችም፤ ለመታትም ሰው እግሩ ያው እግሩ ነው፤ ምናልባትም በሰው አገር፣ በሰው ጩኸት መሐል የምትገባዋ ትከብዳለች።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ስጽፈው ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ከ1954ቱ ፍጻሜ የማሸነፊያዋ ጎል ሦስተኛዋ ናት፤ የኢታሎ ቫሳሎ። ሽንፈትን ያስቀረችው ሁለተኛዋ ናት፤ የሉቺያኖ። ወንድማማቾቹ አስመራ የተወለዱ፣ አባታቸው ጣሊያን የሆነ ልጆች ናቸው። ታሪኩ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ ጫፉ ከሦስተኛዋ ወደ አራተኛዋ የተሸጋገረው አራተኛዋ መጨረሻ ስለሆነች ብቻ ነውን? ወይስ «መንግሥቱ ወርቁ» የሚለው ስም ከ«ኢታሎ ቫሳሎ» ይልቅ ለእኛ አፍ ስለሚመች? ሉቺያኖ በስተርጅናው የራሱን ታሪክ በጣሊያንኛ ጽፎ አሳትሟል። የ1954ቱ አምበል፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሰው፣ ታሪኩን የነገረን በማናነበው ቋንቋ ነው፤ በ2015 መባቻም እዚያው ጣሊያን አረፈ። መንግሥቱን በአንዲት ጎል ስናነግሠው እሱንም በደልነው፣ ሁለቱን ወንድማማቾችም ከጎኑ አነሳናቸው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የለም፣ መዝገብ የለም» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፤ መዝገብን በሚመለከት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ።

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በወገራና በደባት ሜዳ ላይ በገና ዕለት ሩር ሲመታ ላደገ ሰው ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም፤ ዱላ አለ፣ ጠንካራ ኳስ አለ፣ ሩጫ አለ። ልዩነቱ እዚያ ኳሷ በአየር ላይ ትመታለች፤ ከሜዳው ጥግ የቆሙ ሦስት ሰዎችም መሬት ሳትነካ ሊቀልቧት ይሮጣሉ። ከነዚህ የጥግ ቀላቢዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ዊሊ ሜይስ ነው። እሱም እንደ መንግሥቱ አንዲት ቅጽበት አለችው፤ በፈረንጆቹ 1954 (አሁንም 1954!) በፍጻሜው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ፣ ጀርባውን ለመቺው ሰጥቶ እየሮጠ፣ ከራሱ በላይ የመጣችን ኳስ በትከሻው ላይ አሻግሮ ቀለባት። አሜሪካዊ ሁሉ ያቺን ቅልብ ያውቃል። ይሁንና ያው አሜሪካዊ ሜይስ ከሜዳው ወሰን አሻግሮ የመታቸው ኳሶች 660 መሆናቸውንም ያውቃል፤ ከ1951 እስከ 1973 ድረስ በያንዳንዱ ጨዋታ ምን እንዳደረገ ተጽፏልና። ቅልቧ የቀሩትን ዓመታት አልበላቻቸውም።

እኔን የገረመኝ ግን የኋላው ነው። ሜይስ በ1948፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለበርሚንግሃም ብላክ ባሮንስ ተጫውቷል፤ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በሚጫወቱበት ሊግ። ያ ሊግ ለረጅም ዘመን እንደ ዋና ሊግ አይቆጠርም ነበር። ተመራማሪዎች የየከተማውን አሮጌ ጋዜጣ አገላብጠው ውጤቱን ለቀሙ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የዋናው ሊግ አስተዳደር ቁጥሮቹን ከመዝገቡ ጋር ቀላቀላቸው። ለሜይስ የተጨመሩለት ስኬታማ ምቶች 10 ናቸው፤ 3,283 የነበረው 3,293 ሆነ። ከሦስት ሺህ በላይ ላለው ሰው አሥር ምን ትሆነዋለች? ቢሆንም ሰባ ስድስት ዓመት ወደኋላ ሄደው ለቀሙለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ93 ዓመቱ፣ አረፈ።

እነሱ ከ3,283 ላይ አሥር ጨመሩ፤ እኛ ካሉን አሥር ላይ ሰባቱን ጣልን። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። የጎንደር ነገሥታት ጸሐፊዎች ንጉሡ በየትኛው ቀን ከየት ተነስቶ የት እንዳደረ በዜና መዋዕላቸው ሲመዘግቡ የነበራቸው ብራናና ቀለም ብቻ ነው።

ደግሞም ዛሬ ቁጥር የማንወድ ሕዝብ አይደለንም። በ2013 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን ከተማዋ እንዴት እንደሆነች ያየ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። ያውም የባለጋራ ክለብ ተጫዋች ነበር፤ ይሁንና አራዳ ላይ ያገኘሁት ሊስትሮ ልጅ 29 የሚለውን ቁጥር ሳልጨርስ ጥያቄዬን ነጥቆ ነገረኝ። «መንግሥቱ ወርቁስ?» አልኩት። «እሱ የዱሮ ነው፤ አራተኛዋን ያገባው» አለኝ። ከተማው የጎንደር፣ ሰውየውም የጎንደር ልጅ! ልጁን ምን ልበለው? ያስተማርነው እኛ ነን።

ወደ ልብስ ሰፊው ልመለስ። ሻይ አስመጥተውልኝ ስንጨዋወት በ1954 የ12 ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ውጤቱንም ሬዲዮ ካለው ነጋዴ ደጃፍ ቆመው ከትልልቆቹ አፍ እንደሰሙ ነገሩኝ። «ጩኸት ሆነ፤ እኔም ጮኽሁ፤ ለምን እንደምጮህ ግን በደንብ አላውቅም» አሉና ሳቁ። በኋላ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርደው ጥቂት ዓመት ሲኖሩ በ1960 ስታዲየም ገብተው አይተዋል። እኔ ከእሳቸው ስለ አሸናፊነት ስጠብቅ እሳቸው የሚያወሩልኝ ስለ ኮንጎው ሽንፈት ነው። ከስታዲየሙ ሲወጡ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ፣ እንደ ቀብር ተመላሽ፣ በእግሩ ወደየቤቱ ሄደ አሉኝ። ያንን ዝምታ የጻፈልን የለም።

የጋሽ መንግሥቱን (በሜዳ ላይ «እሱ» ያልኩትን ሰው፣ ከሜዳ ውጭ «አንቱ» ማለት አለብኝ) የኋላ ዘመን ደግሞ እንዲያው አንነካውም። በ1974 ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ናይጄሪያ 3 ለ0፣ ዛምቢያ 1 ለ0 አሸነፉን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ0 ወጣን። በታሪካችን ብዙ ጎል ያገባው ሰው ያሠለጠኑት ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ጸሐፊዎቻችን ይህን የሚዘሉት ሰውየውን ለማክበር መስሏቸው ነው። እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ፤ ያ የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ1 ያሸነፈው ቡድን ነው። የእኛ ልጆች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጎል አላስገቡለትም። አጥቂ የነበረ ሰው መከላከልን አስተምሮ ይህን ካገኘ በዚያ ላይ አንድ ሁለት ገጽ አይጻፍም? ባዶ ለባዶ ለሥዕል አይመችም እንጂ!

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባት። ጋሽ መንግሥቱ ያንን ሳያዩ ሄዱ። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡድናችን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዛምቢያ ጋር ሲገጥም አዳነ ግርማ አንድ ጎል አገባና 1 ለ1 አለቀ። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ልክ በሃምሳ አንደኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት። በማግስቱ ያነበብኳቸው ጋዜጦች ስለ 1954 ሁሉም ጽፈዋል። ሁሉም አራተኛዋን ጎል ጠቅሰዋል። ከመካከላቸው አንዱን የጻፍኩት፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ አሁንም እኔ ነበርኩ።

ከስፌት ቤቱ ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ገጽ ልገነጥለው እጄን ዘረጋሁ። በሌላ፣ በተሻለ ጽሑፍ እንደምተካላቸው ነገርኳቸው። ሽማግሌው ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «ተወው» አሉኝ። «ከኋላው ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ብርድ ያስገባብኛል።»